ሁለተኛዋ ስልክ

የትነበርሽ በባሏ በክንዱ ቀልድ አታውቅም። ባሏ ያገለገለች የኤሌክትሪክ ማኪና ከገዛ ወር ሆኖታል፤ እሷ ግን ማኪናዋ የምትሄድበትን የሚያሳየውን መተግበሪያ ስልኳ ላይ የጫነችው ገና ትናንት ነው። ዛሬ ከፍታ ብታይ፣ ወርቅውሃ የምትባል ሴት ስልክም ከማኪናዋ ጋር ተገናኝቷል፤ ቁጥሯም አብሮ ተጽፏል። ደሟ ፈላ። አራዳ ገበያ መሃል ቆማ ደወለችላት።

«አንቺ! ምነው የሰው ባል ትከታተያለሽ?»

«ኧረ እህቴ! ማኪናዋን የሸጥኩላችሁ እኔ ነኝ። ስልኬን ከመተግበሪያው ማስወጣት ረስቼ ነው፤ አጥፊ ብሎ ያስገደደኝም የለ። በይ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

የትነበርሽ እፎይ አለች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን ቅናቷ ቆነጠጣት።

«ቆይ፣ እንዳታጠፊው!» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባለፈው ቅዳሜ ትክል ድንጋይ ከተማ ለቅሶ ልደርስ ነው ብሎኝ ነበር። የኔ ገና ትናንት ነው የተጫነው፤ እስኪ አንቺ እይልኝ፣ ማኪናዋ የት ነበር የቆመችው?»