ወደብ የሌለው የሃፍነሮች መንገድ

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው የእኛ ጠባብ መንገድ ከጥንት ጀምሮ የሃፍነሮች መንገድ ትባላለች። በባቫሪያ አነጋገራችን ሃፈን ድስት ነው፤ ሃፍነር ደግሞ ሸክላ ሠሪ። ዛሬ በመንገዱ የቀሩት ሸክላ ሠሪ ወይዘሮ ቫልቡርጋ ብቻ ናቸው። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ዳቦ ጋጋሪ።

ባለፈው ሚያዝያ ማዘጋጃ ቤቱ ለጎብኚዎች ብሎ በየመንገዱ አዲስ ሰሌዳ ሰቀለ። የእኛው ላይ ትልቅ መልህቅ ተስሎበታል። ቫልቡርጋ እጃቸው ጭቃ እንደሆነ ወጡና የሰቀለውን ሰው ጠየቁት። ሩዲገር ይባላል፤ ከሰሜን ጀርመን የመጣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው።

"ምንድነው ይሄ ልጄ?"

"መልህቅ ነዋ እማማ። ሃፈን ወደብ አይደል? ሃፍነር የወደብ ሰው ማለት ነው።"

"ወደብ? በእኛ ወንዝ ዳክዬ እንኳ በእግሯ ነው የምትሻገረው።"

"መዝገበ ቃላቱ ነው የሚለው።"

"መዝገበ ቃላትህ እኛ ቤት እራት በልቶ አያውቅም።"

ሳቀና ሄደ። በማግስቱ ቫልቡርጋ ከእኔ መሰላል ተውሰው መልህቁን በጭቃ መረጉት። ማዘጋጃ ቤቱ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያጥቡት ደብዳቤ ላከ። እሳቸው ግን ከሥሩ "አላጥብም" ብለው ጻፉና በራቸው ላይ ለጠፉት። ሩዲገር ራሱ መጥቶ አጠበው፤ መልሰው መረጉት።

በገበያ ቀን ከንቲባው ራሱ ሩዲገርን አስከትሎ መጣ።

"እትዬ ቡርግል፣ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ምነው ባያስቸግሩን?" አላቸው፣ ቫልቡርጋን በቁልምጫ ስማቸው ጠርቶ።

ቫልቡርጋ ግን ጎመን እየመረጡ ወደነበሩት ወደ ከንቲባው እናት ዞሩ። "ክሬሴንዝ፣ ጎመኑን በምን ልትቀቅይው ነው?"

"በሃፈን ነዋ፣ በባርኔጣ ልቀቅለው?"

"ማን የሠራው?"

"አባትሽ ናቸዋ፣ ሃፍነሩ። ምነው፣ ጃጀሽ እንዴ?"

ገበያተኛው ሳቀ፤ ከንቲባው ፊቱ ቀላ። ሩዲገር ግን የምሩን ጠየቀ፦ "ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው ማለት ነው?"

"ሁለት ናቸው። አንዱ የባሕር፣ አንዱ የምድጃ። የእናንተን አልነካንም፤ የእኛን አትውሰዱብን" አሉት ቫልቡርጋ።

ሐሙስ ዕለት ሰሌዳው ወርዶ ሥዕል የሌለው ሌላ ተተካ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። ቫልቡርጋ ለማየትም አልወጡም። እቶኑን እያነደዱ ነበር፤ እሳቱን ትተውት ቢወጡ ሸክላው ይሰነጠቅባቸዋል።