የቀይ ጭቃ የመጀመሪያው ሟች

የቀይ ጭቃን ከተማ የመሠረተው ሰው ወጥ ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት ይከትፋል። ስሙ ተክሌ ነው። ከሞተ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ሽንኩርት አከታተፉ ግን ደህና ነው።

ምግብ ቤቴ ካምፓላ፣ ካባላጋላ፣ ከሙየንጋ ኮረብታ ግርጌ ነው። ተክሌ እዚህ ሲሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድም ቀን ግን "ደህና እደሪ" ብሎኝ አያውቅም። ሥራው ሲያልቅ ሽርጡን ምስማር ላይ ይሰቅልና ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል። ደንበኞቼ ኩራት ይመስላቸዋል። የቀይ ጭቃ ሰው ብቻ ነው ነገሩ የሚገባው።

አገር ቤት፣ ቀይ ጭቃ ወርቅ ሲገኝ እዚያ ሻይ ያፈላች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ አለምዘውድ ነኝ። ያኔ ከተማ አልነበረም፤ የላስቲክ ድንኳን ክምር ነበር። ምስማር የሚመታ ሰው የለም። ነገ ወርቁ ከወንዙ ማዶ ነው ከተባለ ሁሉም ላስቲኩን ጠቅልሎ ይሻገራል። አንድ ደንብ ብቻ ነበረን፤ ወርቅ ሊሸጥ የሚሄድ ሰው አይሰናበትም። ለሚስቱም አይናገርም። የተሰናበተ ሰው መንገድ ላይ ሽፍታ ይጠብቀዋላ! ስለዚህ ሸሚዙን ጉድጓዱ አፍ ላይ ይጥልና፣ የሚቆፍር መስሎ፣ ሳይነጋ ውልቅ ይላል።

ተክሌም እንደ ደንቡ ወጣ። ረፋድ ላይ ጉድጓዱ ተደረመሰ። አፉ ላይ የተክሌ ሸሚዝ ተገኘ። ቆፍረን ቆፍረን ሲያቅተን ሸሚዙን ቀበርነው። እኔ እንደ እህት ነው ያለቀስኩት፤ መሬት ላይ ተንከባልዬ፣ ነጠላዬን ቀድጄ። ደህና ነጠላ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲያ መሄድ ቀረ። ሟች ጥሎ የት ይኬዳል? አርባው ሳይወጣ ድንኳን መንቀል ነውር ነው ተባለ። ለአርባው እንግዳ መጠለያ ያስፈልጋል ተብሎ አህመድ የሚባል ነጋዴ ቆርቆሮ አስመጣ። ድስትና ብርጭቆ ከየት ይምጣ ሲባል ዕድር ተቋቋመ። ቆርቆሮው ሲመታ ሰው ምስማር መምታት ለመደ። ለሙት ዓመቱ ስንቀመጥ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ጠጅ ቤቶችና አንድ የሚሰክር ፖሊስ ነበረን። ከተማ የሆነው እንዲህ ነው።

ተክሌ ግን ሞያሌ ላይ ተዘርፎ፣ ባዶ እጁን መመለስ አሳፍሮት፣ ኬንያ ገብቶ ኖሯል። መሞቱን የሰማው ናይሮቢ ነው። ከዓመታት በኋላ፣ እኔም ከቀይ ጭቃ ወጥቼ ካምፓላ ምግብ ቤት ከፍቼ ሳለሁ፣ ሥራ ፍለጋ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። መጀመሪያ አማተብኩ። ቀጥዬ በጥፊ አልኩት። ከዚያ ቀጠርኩት።

"ለፋንቱ ንገራት" ስለው ነው የኖርኩት። ፋንቱ ሚስቱ ናት፤ ሲጠፋ ነፍሰ ጡር ነበረች። በኋላ የዕድሩን ሰብሳቢ ግርማን አግብታለች።

"ምን ብዬ፣ አለሜ?" ይለኛል። "ዕድሩም፣ ከተማውም፣ ትዳሯም በኔ ሞት ነው የቆመው። አለሁ ብል ሁሉንም አፈርሰዋለሁ። ለነሱ ብዬ ነው የሞትኩት።"

ይህን ሲል ዓይኑ እንባ ያቀራል። ለነሱ ብሎ! ፍርሃቱን እንዲህ አሳምሮ የሚያለብስ ሰው አላየሁም።

ለሚሌኒየሙ ሽር ጉድ በሚባልበት ነሐሴ አንዲት ወጣት ቴፕ ይዛ ምግብ ቤቴ ገባች። ሳሌም ትባላለች፤ ቀይ ጭቃ አስተማሪ ናት። ከማንነቷ በፊት አፍንጫዋን አወቅሁት። የተክሌ አፍንጫ ነው።

"መንገዱ ሁሉ ተቆፍሯል፤ ምን አገኙ?" አለችኝ።

"ትልቅ ስብሰባ ስላለ እያሳመሩት ነው።"

"እኛ ጋ ቢሆን ይሄኔ ጠጅ ቤት ተከፍቶበት ነበር።"

የበዓሉ ኮሚቴ የከተማዋን የጥንት ታሪክ እንድትቀዳ ልኳት ነው። ለአባቷም ሐውልት እየተሠራ ነው። ነገርኳት፤ ላስቲኩን፣ ሻዩን፣ ደንቡን። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ ተክሌ ሽሮና ማቶኬ የሚሉትን የሙዝ ቅቅል ይዞ ከወጥ ቤት ወጣ።

"ስምዎ ማን ነው?" አለችው።

"ተክሌ።"

"የአባቴም ስም ተክሌ ነው።"

"ብዙ ነን።"

"አባቴን ያውቁት ነበር?"

ትሪውን እንደያዘ እኔን አየኝ። ንገራት ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። "ደህና ሰው ነበር" አላት። "ለሰው ብሎ የሞተ።"

ሳሌም ቴፑን አጠፋችው።

"ይሄ ለታሪኩ አይሆንም፤ እናቴ ናት የላከችኝ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ እትዬ አለምዘውድ ጋ የሚያበስል ተክሌ የሚባል ሰው አለ፣ ሲወጣ አይሰናበትም ብሎ ነግሯታል። እዚያ ሂጂና ንገሪው አለችኝ።"

ተክሌ ትሪውን አላስቀመጠም።

"ወርቃችሁን ምድጃው ሥር ነበር የምትቀብሩት። ጉድጓዱ የተደረመሰ ቀን እናቴ ከለቅሶው ተነሥታ ምድጃውን ቆፈረች። ወርቁ የለም። ወርቁ ከሄደ ሰውየው ሄዷል። ይህን ብትናገር ሽፍቶች ተከትለው ይገድሉሃል ብላ ተመልሳ ከለቀስተኛው ጋር አለቀሰች። ለአርባው ወጥ እየሠራች መንገዱን ታይ ነበር። ለሙት ዓመቱም። ጋሽ ግርማን ያገባችው እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።"

"ታውቅ ነበር?" አለ።

"ትጠብቅህ ነበር።"

ተክሌ ትሪውን እንደያዘ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለነሱ ብዬ ነው የሞትኩት ሲል ከዚያ ቀን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። እኔም አፈርኩ፤ ለካ ሞቷል ብዬ የምር ነጠላዬን የቀደድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀጥሎ ግን ስለ ፋንቱ አሰብኩና ልቤ ተሰበረ። ባሏን እያዳነች ስታለቅስ እኔ ጎኗ ተቀምጬ "አይዞሽ፣ አርፏል" ስላት ነበር።

"ታሪኩስ ምን ይባል?" አልኳት።

"ሞቷል ይባል። ድንጋዩ ተቀርጿል፤ ኮሚቴው ሁለተኛ አያስቀርጽም።"

ሽሮውን በላች፤ ማቶኬውን ተወችው። ወደ ናይሮቢ አውቶቡስ የሚያደርሳት ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ መጣ። ተክሌ ወጥ ቤት ገብቶ ሽንኩርት ይዟል። ቢላውን ከእጁ ነጠቅሁና "ውጣ" አልኩት።

ሳሌም ሞተሩ ላይ ወጥታ ቦርሳዋን ታቅፋለች። ሰውየው ፊቷ ቆሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንዴት እንደሚባል ጠፍቶታል።

"ደህና ሁኚ" አለ በመጨረሻ። "ደህና ሁኚ፣ ልጄ።"

ሳሌም ቀና ብላ አየችው። አባቴ ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሱም የጠበቀ መሰለኝ።

"እሺ" አለችው። "ተሰናበትክ ማለት ነው። ለእናቴ፣ አሁን ገና ሄደ፣ ከእንግዲህ አትጠብቂው እላታለሁ።"

ቦዳው ተነሣ። ተክሌ ሽርጡን እንዳገለደመ በተቆፈረው መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ።