ሦስት ላይ የቀረችው ልጅ

የካራቴ አሰልጣኙ ዝምተኛ ተማሪ ሲያይ እጁን ይበላዋል። መድኃኒቱ ሁሌም አንድ ነው፤ ከኋላ ረድፍ ጎትቶ ከፊት ያቆምና ለቡጢ ልምምዱ ጮክ ብሎ ያስቆጥራል። ራሱ አፍሮ ስለማያውቅ ሰው የሚያፍር አይመስለውም፣ ጉደኛ!

የፀጉር አስተካካዩን ልጅ ያቆማት ዕለት ግን ልጅቷ ሦስት ላይ ተያዘች። «ሦ... ሦ...» ተማሪው ሁሉ ቡጢውን ዘርግቶ ጠበቃት። አንዱ ከት ብሎ ሳቀ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። አሰልጣኙም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ሳቁ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነሳው። በመጨረሻ ክፍሉን ለረዳቱ ትቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ አባቷ ፀጉር ቤት ሄደ። እዚያ ሲደርስ ወኔው ከዳውና እንደ ማንኛውም ደንበኛ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ «ጢሜን» አለ። አይ ፈሪ!

አባትየው አረፋውን ሲቀባው ለየው። «ውይ፣ አሰልጣኝ! ልጄን እኮ ሰው አደረጉልኝ። ከልምምድ በመጣች ቁጥር ‹ዛሬም አመሰገኑኝ› ትለኛለች። እስከ ሃያ ቆጠርኩ አለችኝ፣ ያቺ ስሟን ለመናገር የምትጨነቅ ልጅ!»

አሰልጣኙ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አባትየው እያወራ አንዱን ጉንጩን ላጭቶ ጨረሰ።

በዚህ መሃል ልጅቷ የልምምድ ቦርሳዋን አንግታ ገባች። አሰልጣኙን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«መጣሽ የኔ እናት? እሳቸው እዚህ ናቸው፤ ዛሬ ረዳታቸው ነው ያሠራችሁ?» አላት አባቷ።

አዎ ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ልጅቷም በዓይኗ ለመነችው። አሰልጣኙ ግን መዋሸት አስጠላው።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «ልጅዎ ከልምምድ ከቀረች ሦስት ሳምንት ሆናት። ስትቆጥር ቃሉ ሲይዛት ተማሪዎቹ ሳቁባት። እኔም ሳቅሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን እንዳይቆጧት።»

ምላጩ ቆመ። አባትየው ልጁን አየት አደረጋትና ምላጩን አስቀምጦ ጨርቁን ከአሰልጣኙ አንገት ፈታ።

«ይነሱልኝ።»

አሰልጣኙ ግማሽ ጢሙን ይዞ ተነሳ፤ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። በሩ ጋ ሲደርስ ልጅቷ አፏን ከፈተች።

«አባዬ፣ ጨ... ጨ...»

አባትየው ጠበቃት። አሰልጣኙም ቆሞ ጠበቃት። ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«ጨርስላቸው» አለች። «መንገድ ላይ ሰው ይስቅባቸዋል።»