ዘጠና አንድ ቃል በደቂቃ

የሁለተኛ ክፍሉን መምህር ተማሪዎቹ ጠመኔ ይሉታል። ቀጭን ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ካልተጫኑት ድምፅ አያወጣም። አንዴ ዝንብ ግንባሩ ላይ አርፋ፣ እዚያው ወልዳ ከብዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ ሄዳለች፤ እሱ እጁን አላነሳም። ያላመነ ክፍሉን ይጠይቅ፣ አርባ ስምንት ምስክር ተቀምጧል።

በዓመት አንዴ መዛኞች ይመጣሉ። እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ደቂቃ አንድ ገጽ ያነባል፤ መዛኙ ሰዓት ይዞ ቃል ይቆጥራል። ከሃያ ቃል በታች ያነበበ ክፍሉን ይደግማል። ገጹ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ያው ነው፤ ውሃ ተሸክማ ዳገት ስለምትወጣ አንዲት አህያ።

ርዕሰ መምህሩ ፐርሰንት ሳይጠራ ሰላምታ እንኳ ስለማይሰጥ፣ ስሙም ፐርሰንት ሆኖ ቀርቷል። በዓመቱ መጀመሪያ ጠመኔን አስጠራው።

"አምና ሠላሳ አንድ ፐርሰንት ነው ያለፈልህ። ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ክፍሉን ለሌላ እሰጥና ዕቃ ቤት ትገባለህ። እግሩ የተሰበረ ወንበር ስትቆጥር ትከርማለህ።"

"እሺ" አለ ጠመኔ።

ተመልሶ ልጆቹን አህያዋን አሸመደዳቸው። ጠዋት አህያ፣ ከሰዓት አህያ። እሱም እንደ ገጹ የማይለወጠውን የሒሳብ ፈተና መልስ ደግሞ ሀ፣ መ፣ ለ፣ ለ፣ ሐ እያሉ ገመድ ዘለሉበት። እንደ ውሃ ጠጡት።

መዛኙ መጣ። የመጀመሪያዋ ልጅ ሰማንያ ስምንት ቃል። ሁለተኛው ዘጠና አምስት። ሦስተኛው ወረቀቱን ከእጁ ቢቀበሉትም ንባቡ አልቆመም፤ በሩን ወጥቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ሲያነብ ተሰምቷል። መዛኙ "እጅግ በጣም ጥሩ" ብሎ ጻፈለት።

መጨረሻ ላይ የአናጢው ልጅ ገባች። ጓደኞቿ ኤሊ ነው የሚሏት። ከሌሎቹ ጋር መጮህ አልሆነላትም፤ ጣቷን ከቃሉ ሥር ካላሳረፈች አፏ አይከፈትም። አሥራ አራት ቃል አነበበችና ቀና አለች።

"ውሃ ተሸክማ ለምንድን ነው የጠማት?"

"ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ የኔ ልጅ" አለ መዛኙ።

"አውርደውላት አትጠጣም?"

ደቂቃው አለቀ።

አርባ ሰባቱ አለፉ። ጠመኔ በኤሊ ካርድ ላይ "ትደግማለች" ብሎ ጻፈ። ሆዱን ፈትሾ ነበር፣ ያዝን እንደሆን ብሎ። ባዶ ነው።

በማግስቱ አናጢው እርሳስ ጆሮው ላይ እንደሰካ መጣ።

"መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የደንበኛ ትእዛዝ የምታነብልኝ እሷ ናት። እሷ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ አልጋ ታዝዤ ቁም ሣጥን ሠርቼ አላውቅም። ታዲያ እንዴት ወደቀች?"

ጠመኔ ሊዋሽ አሰበ። ውሸትም ግን ጉልበት ይፈልጋል።

"ከክፍሉ ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ናት" አለ። "ሌሎቹን አሸምድጃቸው ነው ያለፉት።"

አናጢው እርሳሱን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ።

"ታዲያ የኔዋ ምን በድላዎት ነው ያላሸመደዷት?"

"እምቢ አለችኝ።"

"መምህር በልጅ ይሸነፋል? እኔ ስንቱን ጠማማ እንጨት አቃናለሁ።"

ዓርብ ዕለት ለቀሩ ልጆች ዳግም ምዘና ነበረና ጠመኔ ወደ ፐርሰንት ሄዶ የአናጢውን ነገር ነገረው።

"ያን ቀን ታማ ነበር እንላለን" አለ ፐርሰንት፣ እጁን እያፋተገ። "መቶ ፐርሰንት ልንደፍን ነዋ።"

ጠመኔ ኤሊን ሦስት ቀን ከትምህርት በኋላ አስቀራት። ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሳ፤ መልሳ አሳረፈችው። እጆቿን ወደ ኋላ አስደረጋት።

"እኔን እዪ። ወረቀቱን ተዪው።"

"ሳላየው እንዴት ነው የማነበው?"

"እንዲህ ነው የሚነበበው።"

"እርስዎም እንዲህ ነው የሚያነቡት፣ ቲቸር?"

"በይ፣ ከመጀመሪያው።"

በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ አለቀሰች፣ በሁለተኛው አንዴ። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ደረቀ፤ ፊቷም የመምህሯን ፊት መሰለ።

ዓርብ ዘጠና አንድ ቃል አለች።

ለትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀት ተላከለት። አናጢው ውለታ ለመመለስ ፍሬም ሠራለት፤ ራሱ ሊሰቅለውም ልጁን አስከትሎ መጣ። ጠመኔ ሚስማር አቀባይ ሆነ። አናጢው ወረቀቱን ሰቀለና ከመሰላሉ ወርዶ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ተመለከተው።

"አምሯል። እስቲ አንብቢልኝ፣ ምን ይላል?" አላት።

ልጅቷ እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች። ወደ ግድግዳው አልዞረችም።

"አንዲት አህያ ውሃ ተሸክማ ዳገት ትወጣ ነበር፤ ፀሐዩ በርትቶ ነበርና…"

አናጢው ጆሮውን ሰጥቶ እስከ መጨረሻው ሰማት።

"ይህችን ለምታህል ወረቀት ብዙ ነው የጻፉባት" አለ።

ጠመኔ የተረፉትን ሚስማሮች አቀበለው።