ለክፉ ቀን የተተወች መስመር

ደግሞ አለቃዋ እስክሪብቶውን ራሱ ገዝቶ ማምጣቱ፣ እሱ ነው የሚያስፈራው፣ ደብዳቤው አይደለም፣ ደብዳቤማ የወርቅውሃ ስንት አይታለች፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጣ ስንቱን የሹም ውሸት ቁጥር ሰጥታ ሸኝታለች፣ እስክሪብቶው ግን፣ ሰኔ ላይ በምን ቀለም ነበር የምትጽፊው ብሎ ጠይቆ፣ መዝገቡን ወደ መስኮቱ አዙሮ አይቶ፣ ያንኑ ፈዛዛ ሰማያዊ ከሱቅ ሱቅ ፈልጎ፣ መዝገቡ ላይ አጋድሞላት ሄደ። ሰው እስከዚህ ድረስ ካሰበ ሌላም አስቧል ማለት ነው። ስለ እሷም አስቧል ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት ከሩብ። ዓርብ ስለሆነ የወረዳው ቢሮ ጭር ብሏል፣ ሰጋጁ መስጊድ ነው፣ የማይሰግደውም ዓርብን አሳብቦ ምሳውን ሊያስረዝም ወጥቷል፣ አለቃዋ አቶ ሀብቱ ሰባት ተኩል ላይ እመለሳለሁ ብሏል፣ አጣሪ ኮሚቴው ስምንት ሰዓት ላይ ይገባል፣ እስከዚያ ጻፊያትና ጨርሺ ብሏታል፣ ምን አላት፣ አንዲት መስመር እኮ ናት። አንዲት መስመር። የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን ትገልጣለች፣ እጇ ለምዶበት ገጹን አይስትም፣ 411፣ ሰኔ 13፣ የዓመት ፈቃድ፣ 413፣ ሰኔ 16፣ የነዳጅ ጥያቄ፣ በመሀላቸው 412፣ ቁጥሯ ብቻ፣ ቀን የላት፣ ለማን የላት፣ ጉዳይ የላት።

ይቺን መስመር ባዶ የተወቻት ራሷ ናት፣ ሌላ ማን ይተዋታል። እትዬ ማሪያም ናቸው ያስተማሯት፣ ከእሷ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበሩት፣ ጡረታ ሊወጡ ሰሞን፣ ልጄ፣ ዓርብ ዓርብ መዝገቡን ስትዘጊ አንድ ቁጥር ክፍት ተይ፣ ለክፉ ቀን ትሆናለች፣ አለቃ መቼም ዘግይቶ የሚያስታውሰው ደብዳቤ አያጣም፣ ያኔ ወደኋላ ሄደሽ ታስገቢለታለሽ፣ አንቺም ትወደጃለሽ። እውነትም ተወደደች። የተረሳ የወሊድ ፈቃድ አስገብታባታለች፣ የአንዲት ነርስ ዝውውር አስገብታባታለች፣ ልጅቷ እግሯ ላይ ወድቃ ነበር ያመሰገነቻት፣ ታዲያ ይሄ ምን ኃጢአት አለው፣ ማንን ጎዳ፣ ማንንም አልጎዳም ነበር፣ ኧረ ኩራትም ነበራት፣ የኔ መዝገብ ሰው አይጥልም ትል ነበር። ዘንድሮ ብቻ አስራ አንድ ክፍት ቁጥር አላት። አስራ አንዱም በእሷ እጅ። ወይ አምላኬ።

ያለፈው ቅዳሜ ነው፣ ሐምሌ 12፣ ሰው ከገበያ ሲመለስ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የእንጨት ድልድይ ወገቡ ተቆርጦ ወንዙ ውስጥ ገባ። አምስት ሰው ተጎዳ። አንዲት ልጅ ሞተች፣ ዐርዋ ትባላለች፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጨውና ሳሙና ገዝታ እየተመለሰች ነበር አሉ፣ ሳሙናው ከነመጠቅለያው ተገኘ አሉ፣ ይሄን ማን ነገራት፣ ለምን ነገሯት፣ እጇን በታጠበች ቁጥር ትዝ ይላታል። ሰኞ ፖሊስ የማዶውን ቀበሌ ሊቀመንበር ያዘው፣ ሻዕባንን፣ ድልድዩ አደገኛ መሆኑን እያወቅህ ዝም ብለሃል ተብሎ። እና ይሄው ዛሬ ደብዳቤው ተወለደ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተኝቷል፣ ማህተሙ ገና እርጥብ ነው፣ ቁጥሩ 412፣ ሰኔ 13 የተጻፈ ይላል፣ ጉዳዩ፣ የእንጨት ድልድዩን ለእግረኛ ስለመዝጋት፣ ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው የድልድዩ ደህንነት አስጊ ደረጃ ላይ የደረሰ በመሆኑ ቀበሌው ከዛሬ ጀምሮ ዘግቶ እንዲያስጠብቅ፣ ይህ ሳይሆን ቀርቶ ለሚደርሰው ጉዳት ሙሉ ኃላፊነቱን የሚወስድ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን፣ ከሰላምታ ጋር። ከሰላምታ ጋር! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፣ ይሄስ ባሰ፣ ይሄኛው ውሻ ጅቡ ሳይመጣ ጮኼ ነበር ብሎ ማህተም አስመትቶ መጣ።

እሷ ደግሞ ታውቃለች። ችግሩ ማወቋ ነው፣ ባታውቅ እንዴት በተመቻት። ዝም ያለው ሻዕባን አይደለም። ግንቦት 28 ጭቃ በጭቃ ሆኖ እዚህች ደፍ ላይ ቆሞ ነበር፣ የቀበሌውን ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልሎ፣ እህቴ፣ ድልድዩ ታማለች፣ ምስጥ በልቶታል ከታች፣ ወላሂ ሰው ትወድቃለች፣ ወይ አስጠግኑ ወይ ዝጉ በሉን፣ እኛ ብቻ ብንዘጋ ሰው አትሰማም። ሳቀች። ድልድዩ ታማለች ሲል ሳቀች፣ በርታኛ ተናጋሪ ነው፣ አማርኛው እንደዚያ ነው፣ በዚያ ላይ ምሳ ሰዓት ነበር፣ ርቧት ነበር፣ እሱም ስትስቅ አይቶ አብሯት ሳቀ። ደብዳቤውን ተቀበለች፣ ገቢ መዝገብ ላይ አሰፈረች፣ ለአቶ ሀብቱ አስገባች፣ በማግስቱ ዳር ላይ በአረንጓዴ ቀለም ተመርቶበት ወጣ፣ ለመረጃ ይቀመጥ። አስቀመጠችው። ጎበዝ፣ አሳምረሽ በሳሽ፣ አሳምረሽ ፋይል ውስጥ ከተትሽ፣ ልጅቷ ያኔ በሕይወት ነበረች።

ትናንት ፋይሉን አምጪ አላት፣ ወሰደችለት፣ ሲመለስ ገጾቹን ቆጠረች፣ ከ37 በኋላ 39፣ የሻዕባን ደብዳቤ የለም። የገቢ መዝገቡንም ወሰደ፣ ቢሮዬ ዝናብ አስገብቶ አበሰበሰው አለ፣ አዲስ ክፈቺ። አዲሱ ይሄው፣ ጠርዙ እንኳ አልተነካም፣ አንድም ነገር አልሰፈረበትም። ምን ትበል፣ ጋሽ ሀብቱ፣ ጣራዎ እኮ አያፈስም ትበለው? አባቷና አባቱ በሰባ ሰባት በሰፈራ ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነው ባምባሲ የወረዱ ናቸው፣ በአንድ ድንኳን የሰነበቱ ናቸው፣ ይሄን ሥራ ያስገባት እሱ ነው፣ አንቺ እኮ የቤት ልጅ ነሽ አላት ጠዋት፣ ድምፁ ለስለስ ብሎ፣ ፊቱ ግን አመድ መስሎ፣ እሱም ፈርቷል፣ የፈራ ሰው ደግሞ ከክፉ ሰው ይብሳል። ከዚያ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ፣ ለመሆኑ የወርቅውሃ፣ ኮሚቴው ይሄ ሁሉ ቁጥር ለምን ክፍት ሆነ ብሎ ቢጠይቅ ማን ነው የሚመልሰው? ፈገግ አለ። ዘጋው በሩን።

እስር ቤት ይኖራል? በመዝገብ ይታሰራል? ይታሰራል እንጂ፣ የመንግሥት ሰነድ ማጭበርበር ይሉታል፣ አስራ አንድ ጊዜ፣ ልጇ ቤዚ ፈተና ላይ ናት፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል፣ አባት የላት፣ እናቷ ተያዘች ብለው በር ላይ ቢነግሯት፣ አይ፣ አይሆንም፣ ትጻፋት፣ ትገላገል። እስክሪብቶውን ታነሳለች። ቀን የሚለው ሥር ሰኔ 13 ልትል ሰ ን ትጀምራለች፣ አንድ ጭረት፣ ጠመም ይላል፣ ሰኔ ላይ ጽሕፈቷ ቀጥ ያለ ነበር፣ ይታወቅባታል፣ ቆይ ትረጋጋ፣ ውሃ ትጠጣ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጀመረ፣ ወይስ እግር ነው፣ ኮቴ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ፣ መጣ፣ ገና ሰባት ሰዓት እኮ ነው፣ ለምን አሁን መጣ።

እሱ አይደለም። ሴት ናት፣ ቶቧን ተከናንባ፣ ጫፉ በዝናብ ርሶ፣ ጠዋት ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ያየቻት ሴት፣ የምሳ ሳህኗን በጨርቅ ቋጥራ። አሰላሙ ዓለይኩም። የወርቅውሃ ደብዳቤውን በክርኗ ትሸፍናለች፣ ለምን ትሸፍናለች፣ ሴትዮዋ አታነብም። እኔ ዐዋጢፍ ነኝ፣ ሻዕባን ሚስት። ከፖሊስ ነው መጣሁ፣ ምሳ አድርሼ። ሻዕባን ብሎኛል፣ ይሄ ደብተር ለየወርቅውሃ ስጣት፣ እሷ ታውቃለች፣ እሷ ስም አለ ውስጥ ብሎ።

ዐዋጢፍ የያዘችውን ፌስታል ትፈታለች፣ ቀስ ብላ፣ እርጥብ እጇን መጀመሪያ ቀሚሷ ላይ ጠርጋ። የቀበሌው የደብዳቤ ማስረከቢያ ደብተር፣ ሃምሳ ሉክ፣ ሽፋኑ ተቀዷል። የወርቅውሃ አትነካውም። ሳትነካውም ታውቀዋለች። ግንቦት 28፣ ስለ ድልድዩ አስቸኳይ ጥገና፣ አንድ ገጽ፣ ተቀባይ፣ የወርቅውሃ፣ ፊርማ፣ ፊርማዋ ደግሞ መጨረሻው ላይ የምትጠቀልላት ነገር፣ ቁልጭ ብላ። ከፋይሉ ገጹን አጠፋ፣ መዝገቡን አጠፋ፣ ይሄን ረሳው፣ ሰዎቹ ደብተር እንዳላቸው ረሳው፣ ደብዳቤ አምጥተው ፈርሚልኝ እንደሚሉ ረሳው፣ እሱ መቼ ደብዳቤ ተቀብሎ ያውቃል። በዓለም ላይ የቀረው ማስረጃ ይሄ ነው፣ ሴትዮዋ ደግሞ በሁለት እጇ አቅርባ እየሰጠቻት ነው፣ ለማን? ለእሷ።

መሳቢያው ገርበብ ብሏል። ማን ከፈተው፣ ራሷ ናት፣ መቼ ከፈተችው። ክተቺውና ዝጊው። ማንም አላየም። ደብተር ይጠፋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ከዚህ ወዲያ ማንም አይጠይቅሽም፣ ጋሽ ሀብቱ ያመሰግንሻል፣ ቤዚ ፈተናዋን ትጨርሳለች፣ ሻዕባንም ቢሆን ስንት ዓመት ይፈረድበታል፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ይወጣል እኮ። ወይ አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ሆነብሽ? አፏ ከእሷ ቀድሞ ይናገራል፣ እሺ፣ እዚህ አስቀምጪው፣ ሰኞ ተመለሺ።

ዐዋጢፍ ታስቀምጠዋለች። አትጠይቅም፣ ለምን ሰኞ አትልም፣ ወረቀት ስጪኝ አትልም። እሺ እህቴ፣ አላህ ይስጥህ፣ ሻዕባን ብሎኛል፣ የወርቅውሃ ጥሩ ሰው ናት፣ ደብዳቤ ስናመጣ ትስቃለች፣ ሌሎቹ ይቆጣሉ፣ እሷ ትስቃለች። ሳህኗን ታነሳለች፣ ትወጣለች።

ትስቃለች። እንደ ደግነት ቆጠረላት። እስር ቤት ቁጭ ብሎ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መርጦ፣ የሳቀችበትን ሳቅ እንደ ደግነት ቆጥሮ፣ ያለችውን አንዲት ነገር ላከላት፣ አፈር ልብላ፣ እኔን አፈር ያስበላኝ፣ ኮቴዋ ራቀ፣ ደረጃው ጋ ደረሰች፣ ደረጃው ሦስት ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣

ዐዋጢፍ! ኧረ ዐዋጢፍ፣ ነይ፣ ነይ እስቲ፣ በሞቴ ተመለሺ!

ተመለሰች። የወርቅውሃ ቆማለች። አዲሱን የገቢ መዝገብ ትከፍታለች፣ ተራ ቁጥር 1፣ በራሷ ጥቁር እስክሪብቶ፣ ሐምሌ 18፣ ሰባት ሰዓት ከአስር፣ ከዐዋጢፍ፣ የሻዕባን ባለቤት፣ በእጅ የቀረበ፣ ጉዳዩ፣ የማስረከቢያ ደብተር፣ የግንቦት 28 ደብዳቤ መድረሱን የሚያሳይ። የገቢ ማህተሙን ደብተሩ ላይ ትመታለች፣ ያዘነብላል፣ ደግማ ትመታለች። አሁን ገብቷል፣ የገባ ነገር አይወጣም፣ ገቢ ላይ ማንም ክፍት ቁጥር ትቶ አያውቅም፣ እትዬ ማሪያምም አልተዉም። ያዢው። ቶብሽ ውስጥ ደብቂው። ለማንም አትስጪ፣ ገባሽ፣ ለእኔም ቢሆን መልሰሽ አትስጪኝ፣ ለምኜሽም አትስጪኝ፣ ስምንት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፣ እንግዶች ይወርዳሉ፣ ሁሉም ሲያይሽ ለትልቁ ሰውዬ ስጪ፣ የወርቅውሃ ፈርማበታለች በይ። የወርቅውሃ በይ፣ ስሜን ጥሪ። ዐዋጢፍ ፊቷን ታያታለች፣ አንተ ምን ሆነሃል እህቴ። ምንም አልሆንኩ፣ ሂጂ።

ሄደች። የግቢው በር ላይ ክላክስ ተነፋ፣ የሱ መኪና ነው፣ ዘበኛው ሲሮጥ ይሰማል፣ ሰባት ከሩብም አልሆነ፣ አላስቻለውም፣ የፈሩት ይደርሳል። ቀይ እስክሪብቶ የት አለ፣ ቀዩ፣ ይሄው። መዝገቡ፣ 412፣ የጀመረቻት ጭረት እዚያው አለች፣ ትሁን፣ አትሰርዛትም። አንድ በር ተዘጋ፣ የመኪናው ነው። ብትተወውስ፣ አሁንም እኮ ይቻላል፣ ሴትዮዋን ሮጣ ብትይዛት፣ ማንጎው ሥር ናት፣ እናቴ ድረሽልኝ፣ ቤዚ ይቅር በይኝ፣ ኮቴ፣ ደረጃው ሦስት ነው፣ ትጽፋለች፣ ፊደሉ እየተጣመመ፣ ጉዳዩ ከሚለው ሥር ጀምራ እስከ ገጹ ዳር፣ ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ባዶ ነበር፣ ደብዳቤ አልወጣበትም፣ ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ስም። ፊርማ። መጨረሻዋን እንደ ሁልጊዜው ጠቀለለቻት።

በሩ ተከፈተ፣ ዝናብ የነካው ኮቱ ይሸታል፣ የወርቅውሃ፣ ጨረስሽ?

ጨርሻለሁ ጋሽ ሀብቱ፣ ትላለች፣ እና መዝገቡን ወደ እሱ ታዞረዋለች።