ብርሃን የማያሳልፈው ሰሌዳ

በጂንካ ከተማ ሬዲዮ የሚጠግነው ዶላሞ የመዳብ መስመሮች የታተሙበትን የሬዲዮ ሰሌዳ አውጥቶ ወደ ፀሐይ ያነሣና መስመሮቹን አይቶ በሽታውን ያገኛል። ቱርሚ ካለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጥገና የመጣው የመገናኛ ሬዲዮ ሰሌዳ ግን ብርሃን አላሳልፍ አለው፤ መስመሮቹ ውስጥ ለውስጥ ተደራርበዋል።

“ሬሳ ነው እንዴ፣ መስመር የሚቀበረው?” አለ ተናዶ።

ዐሥር ቀን በምላጭ እየላጠ እያንዳንዱን ንብርብር በወረቀት ነደፈ። አራት ነበሩ። መልእክት በሚያልፍበት መስመር ሥር ሙሉ መዳብ የተነጠፈው ድምፁ እንዳይረበሽ መሆኑ ሲገባው፣ ዓይኑ በድካም ቢቀላም ፈገግ አለ።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ አበዛሽ በጭነት መኪና መጣች።

“ጋሽ ዶላሞ፣ ኃላፊያችን ጓድ ነጋሽ ይቅርታ ብለዋል። ሬዲዮው ደህና ነው። የተበጠሰው እኛ ጋ የቀረው የባትሪው ገመድ ነው።”

ዶላሞ ተልጦ ከጥቅም ውጭ የሆነውን ሰሌዳ፣ ቀጥሎም አራቱን ወረቀቶች አየ።

“ገመዱን አምጪው” አላት። “እሱን እሠራዋለሁ።”