ስም ያልተጻፈበት ብርድ ልብስ

ሹመት ሁሉ ሸክም ነው፤ ከሸክሞች ሁሉ የሚከብደው ግን የብዙኃንን ሀብት ይዞ ለብዙኃን የመግዛት አደራ ነው፤ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ዳኛ ቢሳሳት ተበዳዩ ይጮኻል፣ ለግምጃ ቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው ቢሳሳት ግን ጉዳቱ የሚያርፈው ማን እንደ በደለው እንኳ በማያውቅ ደካማ ገላ ላይ ነው።

በአንድ ደጋ አውራጃ በጅሮንድ ዘመልአክ የሚባል፣ ልበ ርኅሩኅና አንደበተ ትሑት የግምጃ ቤት ሹም ነበረ። በሕፃንነቱ ወላጆቹን በወረርሽኝ ባጣ ጊዜ ዘርጋው የተባለ ሸማኔ ከራሱ ጉርሻ እየከፈለ አሳድጎት ነበርና፣ ከተሾመ ጀምሮ ለድውያን ማረፊያ የሚሆነውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሁሉ ማንንም ሳያማክር በጓሮ በር ከእርሱ ይገዛ ነበር። የሽማግሌው ዐይን ከፈዘዘ፣ ክንዱም ከዛለ ወዲህ ሽመናው ሳስቶ በአንድ ክረምት የሚቀደድ ቢሆንም፣ ዘመልአክ አይቶ እንዳላየ ያልፈው ነበር፤ አንጀቱ አልቻለማ!

በኋላ ግን የአውራጃይቱ እመቤት አዲስ ሥርዐት አወጀች፦ ለመንግሥት የሚሸጥ ሁሉ ሥራውን በአደባባይ ያቅርብ፤ በሥራውም ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍበት፤ የሚመረጠውም በርካሽነቱ ብቻ ሳይሆን ስንት ክረምት እንደሚያገለግል፣ ጠጉሩም በጎቹ ሳይጎዱ በወቅቱ የተሸለተ እንደ ሆነ ተመርምሮ ይሁን፤ ለተሸነፈውም ምክንያቱ ይነገረው። ደጅ መጥናት የለመዱ ሻጮች አጉረመረሙ፤ እጅ መንሻ የለመዱት ጸሐፊዎችማ ሐዘን ተቀመጡ ማለት ይቀላል።

በሰኔ መባቻ ሰባት ብርድ ልብሶች በገበያው ሜዳ በገመድ ላይ ተሰጡ፤ ዘመልአክም ከሁለት መርማሪዎች ጋር እያንዳንዱን እየዳሰሰ ሲያልፍ፣ ከሦስተኛው ዘንድ እግሩ ተያዘ። ጠርዙ በተገመደ ጥቁር ክር የተቋጨ ነበር፤ እንዲህ የሚቋጭ በአውራጃው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለ ጨርቁ አንዲት የሙገሳ ቃል ብትወጣው የአሳዳጊው እንጀራ በተረፈ ነበር፤ በሜዳው ዳር ግን ድውያኑ ክረምቱን በምን እንደሚያሳልፉ ለማየት ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ወደ ሕዝቡ ዘወር ብሎ፣

«ይህ የማን እጅ እንደ ሆነ አውቀዋለሁ፤ ያሳደገኝ አባቴ ነው። ስለዚህ በዚህ ፍርድ አልቀመጥም» አለና ከመርማሪዎቹ መካከል ወጣ። የቀሩት ሁለቱ ጨርቁን ወጠሩት፤ ከመካከሉም ተተረተረ። አንድ የማይታወቅ የቆላ ሸማኔም አሸነፈ።

ዘመልአክ አሳዳጊው የተሸነፈበትን ምክንያት ለሌላ ሰው አደራ አልሰጠም፤ ራሱ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄዶ፣ ከመደቡ ሥር ተንበርክኮ፣ ሳይሸፋፍን ነገረው። ዘርጋውም ጠየቀው።

«የአምናውስ እንዲሁ ተቀዶ ነበር?»

«አዎን፣ አባቴ።»

«ታዲያ ለምን ወሰድኸው?»

«ራርቼልዎ ነው።»

«ለእኔ ራርተህ በእነዚያ ምስኪኖች ላይ ጨከንህ፤ እኔንም ሳላውቅ አስጨከንኸኝ። ስሠራ ኖሬ ብርድ ነው ያለበስኋቸው ማለት ነው፣ ልጄ።»

ዘመልአክ አለቀሰ። ሽማግሌው ግን የዘመልአክን ራስ በመዳፉ ዳበሰ፤ ቀጥሎም ያልተሸጡትን ብርድ ልብሶች ከቆጡ እንዲያወርድለት አዘዘው። «አንዱ ብቻውን ይሳሳል፤ ሁለቱን ደርቤ ከሰፋኋቸው ግን ያሞቃሉ። ዋጋ አልጠይቅበትም፤ ለድውያኑ ስጥልኝ። ከርሞ ግን ደርቤ የሰፋሁትን በቁጥር አቀርባለሁ፤ አንተም አሁን እንዳደረግኸው ገለል በልልኝ» አለ። ዐይኑ የመርፌውን ቀዳዳ አላገኝ ቢለው፣ በጅሮንዱ ካባውን አውልቆ እስኪመሽ ድረስ ክር ሲያስገባለት ዋለ፤ በተዘጋ ደጅ የሚሰጥ ርኅራኄ ከማናየው ሰው ትከሻ የተገፈፈ ልብስ ነውና፣ የምንወደውን ሰው ከልብ የምናከብረው እውነቱን ሳንሸፋፍን ነግረነው ከአጠገቡ የተቀመጥን ዕለት ነው።